«ምን ጎደለው?»

ወሬው የተሰማው ዓርብ ሰኔ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። አንቶኒ ቦርዴይን፣ ያ ቁመተ ሎጋው፣ ጸጉሩ የሸበተው፣ ክንዱን ንቅሳት የሞላው የኒውዮርክ ምግብ አብሳይ፣ ፈረንሣይ ውስጥ ካይዘርስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ባረፈበት ሆቴል ሞቶ ተገኘ። ወደዚያ የሄደው ለቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ቀረጻ ነበር። የልብ ወዳጁ ኤሪክ ሪፔር፣ እሱም አገር ያወቀው ሼፍ ነው፣ ማታ ለራት ቢጠብቀው ቀረ፤ ጠዋት ለቁርስ ቢጠብቀው አሁንም ቀረ። ሟቹ 61 ዓመቱ ነበር። የ11 ዓመት ሴት ልጅ ትቷል። ሕይወቱን ያጠፋው በራሱ እጅ ነው።

ይኸን ጊዜ ነው ያ ጥያቄ የመጣው። «ምን ጎደለው?» ገንዘብ እንደሆን አለው። ዝና አለው። ዓለምን እየዞረ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለዚያውም እየተከፈለው! የሰው ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አንዱ «ጥጋብ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው «የፈረንጅ ነገር» ብሎ ያልፈዋል። ሰኔ በገባ ቁጥር የሰውየው ስም ሲነሳ ጥያቄዋም አብራ ትነሳለች።

«የኛ አገር ጣጣ አልቆ ነው እንዴ ስለ አንድ የአሜሪካ ወጥ ሠሪ ርዕሰ አንቀጽ የምትጽፉት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይፈረድበትም። ግን ትንሽ ይታገሰን። ጉዳያችን ሰውየውም ነው፣ ጥያቄዋም ናት። ጥያቄዋ ደግሞ አሜሪካ ብቻ የምትጠየቅ እንዳልሆነች ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል።

መቼም ቦርዴይንን አለማወቅ ነውር አይደለምና ከሱ እንጀምር። ኒውጀርሲ ያደገ የመካከለኛ ቤተሰብ ልጅ ነው። ኮሌጅ ገብቶ አቋረጠ። ክረምት ክረምት በባሕር ጠረፍ ምግብ ቤቶች ሳህን እያጠበ ሥራውን ለመደ፤ ኋላም የምግብ ሙያ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ዓመት እሳት ዳር ያለፈ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ሥራ ይጨርሳል፣ ይጠጣል፣ ሄሮይን ይወጋል፣ ኮኬይን ይስባል። ይህን ሰላይ አላወጣበትም፤ ራሱ ነው ጽፎ ያወጣው። አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ የባንክ ቁጠባ የሚባል እንደሌለው፣ የቤት ኪራይ እንደሚወዘፍበት፣ ግብር እንደሚከማችበት ደጋግሞ ተናግሯል። እንግዲህ ይህ ሰው ያኔ ቢሞት ኖሮ «ምን ጎደለው?» የሚል አንድም ሰው ባልተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1999 «ዘ ኒውዮርከር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉን ለመጽሔቱ አዘጋጅ ባለቤት ያደረሱለት በጋዜጣ አራሚነት ይሠሩ የነበሩት እናቱ ናቸው። (የእናት ነገር! እዚያም ቤት አለ።) ጽሑፉ የምግብ ቤቶችን የጓዳ ገመና አደባባይ ያወጣ ነበር። ሰኞ ዓሣ አትዘዙ አለ፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይሸጥ ያደረ ነውና። ከአንዱ ጠረጴዛ የተረፈ ዳቦ ለሌላው ጠረጴዛ ተመልሶ እንደሚቀርብ ተናገረ። በዓመቱ ጽሑፉ ተስፋፍቶ መጽሐፍ ሆነና እንደ ትኩስ ዳቦ ተቸበቸበ። ትናንት የኪራይ ያጣ ወጥ ሠሪ ዛሬ ስሙ በየቤቱ ገባ።

እኛ ግን ከገመናው ይልቅ ሌላውን ነገር ነው የወደድንለት። በኒውዮርክ ትልልቅ ሬስቶራንቶች ፈረንሣይኛ ስም ያለውን ምግብ እየሠራ የሚያቀርበው ሜክሲኮዊው፣ ኢኳዶራዊው፣ ብዙ ጊዜም ወረቀት የሌለው ስደተኛ መሆኑን ቦርዴይን ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ ኖሯል። «እነዚህን ሰዎች አባርሩ» የሚል ፖለቲከኛ ሲነሳ «ካባረራችኋቸው አንድም ምግብ ቤት በሩን አይከፍትም» ይል ነበር። ዝና ካገኘ በኋላም ሳህን አጣቢውን አልረሳም። ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ሬስቶራንት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፉ ዲፕሎማ ያላቸው ወንድሞቻችን የዚህ ነገር ትርጉም ይገባቸዋል።

ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በተለያየ ስም ፕሮግራም ሠራ፤ የመጨረሻው ከ2013 ጀምሮ በሲ.ኤን.ኤን. የተላለፈው ነው። ዘዴው ምን ነበር ቢባል፣ ምንም። ሰው ቤት ይገባል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ይጠይቃል። ምን ትበላላችሁ? ምን ማብሰል ትወዳላችሁ? ምን ያስደስታችኋል? ሽልማት ሲቀበል ሥራችን እነዚህን ተራ ጥያቄዎች መጠየቅ ነው፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ ያስገርመናል የሚል ነገር ተናግሯል። እውነቱን ነው። ሰውን «ስለ መንግሥትህ ምን ታስባለህ?» ብለህ ብትጠይቀው ግራ ቀኙን አይቶ ዝም ይልሃል። «ዛሬ ምን በላህ?» ብትለው ግን ስለ ዘይቱ ዋጋ ይነግርሃል፣ ስለ ዘይቱ ሲነግርህ ስለ ቀበሌው ይነግርሃል፣ ስለ ቀበሌው ሲነግርህ መንግሥቱን ነገረህ ማለት ነው።

የኛን ቴሌቪዥን የምግብ ፕሮግራም ተመልከቱ እስቲ። ነጭ ቆብ፣ የሚያብረቀርቅ ምድጃ፣ የስፖንሰሩ ዘይት ስሙ ወደ ካሜራው ዞሮ። ሽንኩርት ስንት ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሺ ይሁን።

ግንቦት 2008 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ ቬትናም በሄዱ ጊዜ ቦርዴይን ሃኖይ ውስጥ አንድ ተራ ምግብ ቤት ወሰዳቸው። የዓለም ኃያል አገር መሪ በፕላስቲክ ዱካ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ከሩዝ ፓስታ ጋር በሉ፣ ቢራ በጠርሙሱ ጠጡ። ሒሳቡ ለሁለቱ 6 ዶላር! የከፈለው ቦርዴይን ነው። ባለቤቶቹ ያንን ጠረጴዛ ኋላ በመስተዋት ከለሉት። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ መንገዱ ከሦስት ቀን በፊት ተዘግቶ፣ ምግብ ቤቷም «ለጸጥታ ሲባል» ፈርሳ ነበር። ለማንኛውም ሰውየው ሲሞት ኦባማ ያንኑ ምሽት አስታውሰው ነው ኀዘናቸውን የገለጹት።

በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢራን ገብቶ ነበር። ቴህራን ውስጥ ጄሰን ሬዛያን የተባለ የ«ዋሽንግተን ፖስት» ዘጋቢንና ጋዜጠኛ ባለቤቱን ምሳ ጋብዞ አወያያቸው። ሁለቱም ስለ አገሪቱ በፍቅር ነው ያወሩት። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሐምሌ ላይ ሁለቱም ታሰሩ። ሬዛያን 544 ቀን ታስሮ በጥር 2008 ዓ.ም. ተፈታ። ብዙ የቴሌቪዥን ሰው ቢሆን «የምግብ ሰው ነኝ፣ ፖለቲካ አላውቅም» ብሎ ዝም ይል ነበር፤ እንዲህ ማለት ያዋጣል። ቦርዴይን ግን በሄደበት ሁሉ ስማቸውን ሲያነሳ፣ ሲጽፍ፣ ሲጮህ ቆየ። ሰውየው ሲፈታም ታሪኩን እንዲጽፍ አደረገውና በራሱ ስም በሚታተሙት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባለት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ሲወጣ አሳታሚው በሕይወት አልነበረም። ይህ ነገር ለጋዜጣችን አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። በዚያው በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ እዚህ አዲስ አበባ ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች መታሰራቸውን የማያስታውስ የለምና። ታስሮ ያየ ሰው ስሙን ውጭ ሆኖ የሚጠራለት አንድ ሰው መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ወደ እኛም መጥቶ ነበር። ማርከስ ሳሙኤልሰንንና ኢትዮጵያዊት ባለቤቱን ይዞ የሠራው ፕሮግራም በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ተላልፏል። የማርከስን ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስሙ ካሳሁን ጽጌ ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ታማ፣ ሁለት ሕፃናቷን ይዛ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ተጉዛ አዲስ አበባ ሆስፒታል ደረሰች። እሷ እዚያው አረፈች፤ ልጆቹ ተረፉና የስዊድን ቤተሰብ አሳደጋቸው። ልጁ ኒውዮርክ ገብቶ በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው «ኒውዮርክ ታይምስ» ለሚሠራበት ሬስቶራንት ሦስት ኮከብ የሰጠለት ሼፍ ሆነ፤ ሞቷል የተባለውንም ወላጅ አባቱን ካደገ በኋላ ነው በሕይወት ያገኘው። ቦርዴይን ይህን ሰው ተከትሎ መጥቶ ነው እንጀራችንን የቆረሰው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ለፈረንጅ ቴሌቪዥን ምን እንደነበረች ማስታወስ አያስፈልግም፤ የ1977ቱ ረሃብ ምስል ነበረች። ሰውየው ራብ ሊያሳይ ሳይሆን ሊበላ መጣ። (ሥጋ የማይበላን ሰው ሲያሾፍበት የኖረ ሰው፣ የዓመቱን ከግማሽ በላይ የሚጾም አገር መምጣቱ ራሱ ቀልድ ነው።)

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የሞተው። አሁን ወደ ጥያቄዋ።

«ምን ጎደለው?» ስንል እኮ የምንለው ነገር አለ። ሰው ራሱን የሚያጠፋው ሲቸግረው ብቻ ነው፣ ካልቸገረው ጥጋብ ነው ማለታችን ነው። ሁለቱም ስሕተት ነው። የሞቱን ጉዳይ የመረመረው የፈረንሣይ ዓቃቤ ሕግ በደሙ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ አልተገኘም ብሏል፤ የተገኘው በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ መድኃኒት ጥቂት ምልክት ነው። ስለዚህ «ያው ሱሱ ገደለው» ብሎ ማሳበብም አይሠራም። ከሱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ኬት ስፔድ የተባለችው የቦርሳ ዲዛይነር በዚያው መንገድ ሞታለች። በሁለቱ ሞት መሐል፣ እሱ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሪፖርት አወጣ፤ ከ1999 እስከ 2016 በ25 ግዛቶች ራስን የማጥፋት መጠን ከ30 በመቶ በላይ ጨምሯል የሚል። የነጋዴው፣ የገበሬው፣ የወታደሩ ሞት ነው የተቆጠረው። ስም የወጣላቸው ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የፈረንጅ በሽታ ነው ለሚለን ደግሞ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው በዚህ ሁኔታ እንደሚሞት ይናገራል። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚሞቱት ደሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ማለት ነው።

ቤይሩትን እናንሳ። ቦርዴይን ቤይሩትን በጣም ይወዳት ነበር። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ለቀረጻ እንደገባ ጦርነት ፈነዳበትና ከሆቴል መስኮት ሆኖ አውሮፕላን ማረፊያው ሲደበደብ ተመለከተ፤ ኋላም በአሜሪካ የጦር መርከብ ወጣ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያችው ከተማ፣ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ነበሩ። መርከብ አልመጣላቸውም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2000 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ከጥር 2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሞተዋል ብሏል። ከነዚህ 40ዎቹ «ራሳቸውን ያጠፉ» ተብለው ተመዘገቡ፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ሞቱ። በበሽታ የሞቱት 14 ብቻ ናቸው። መጋቢት 2004 ዓ.ም. ደግሞ የገዛ አገሯ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ስትጎተት ዓለም በቪዲዮ ያያት እህታችን፣ ምስሉ በታየ ሳምንት ሳይሞላ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች፤ «ራሷን አጠፋች» ተባለ። በሷ ጊዜ «ምን ጎደላት?» ያለ የለም። የጎደላትን ሁሉም ያውቃል። ግን «ራሷን አጠፋች» የምትለዋ ቃል ፋይሉን ለመዝጋት በቃች። ባለጸጋው ሲሞት ጥያቄ እናበዛለን፣ ደሃዋ ስትሞት አንጠይቅም። በሁለቱም በኩል ሟቹን አልሰማነውም።

እዚህ አገር ቤትስ? ድንኳኑ ይተከላል፣ እድሩ ወንበሩን ያመጣል፣ ንፍሮው ይዞራል። «ምን ሆኖ ነው?» ሲባል «ድንገተኛ ሕመም» ይባላል። ጎረቤት ያውቃል፣ ዘመድ ያውቃል፣ የእድሩ ዳኛ ያውቃል። ሁሉም እያወቀ አንድም ሰው አይናገርም። ለምን? አንዱ ምክንያት ፍትሐት ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም፣ ጸሎት አይደርስለትም የሚባለውን ልማድ የማያውቅ የለም። እናት ልጇን አጥታ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ነፍስ ይማር የሚላት ስታጣ፣ ብትዋሽ ይፈረድባታል?

በዚህ ነገር ላይ ሊቃውንቱን ለማስተማር አንቃጣም፤ አቅማችንን እናውቃለን። ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በ4ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ይህንኑ ጥያቄ ተጠይቀዋል። ራሱን ለገደለ ሰው መሥዋዕት ይቀርባል ወይ ተብለው። መልሳቸው፣ ሰውየው አእምሮውን ስቶ ከሆነ ይቀርባል፣ ስለዚህ ካህኑ ነገሩን በጥንቃቄ ይመርምር የሚል ነው። ልብ በሉ፣ ይህ እስክንድርያ ቤተ ክርስቲያናችን ለዘመናት ጳጳሳቷን ስታስመጣ የኖረችበት መንበር ነው። የዛሬ 1,600 ዓመት «መርምሩ» የተባለውን እኛ ዛሬ ሳንመረምር እንፈርዳለን። አእምሮን የሚያስት በሽታ ምን እንደሆነ ደግሞ ዛሬ ከያኔው የበለጠ ይታወቃል። የልብ መዝጊት እንደሚታመመው ሁሉ ሐሳብም ይታመማል፤ የብዙ ሰው ሕመምም በሕክምና ይሻለዋል።

ሕክምናው የት ነው ለሚል፣ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ለአሥርተ ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ነበር። እኛ ምን አደረግነው? ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል ግባ!» እንባባላለን፣ እንስቃለን። ታክሲ ውስጥ «አማኑኤል ጋ ወራጅ» የሚል ሰው ተሳፋሪው ዞሮ ያየዋል። ወባ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ አይደበቅም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተው፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ሌት ተቀን የሚመላለስበት ሰው ግን በራሱ መንደር በር ላይ ተደብቆ ነው የሚያልፈው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ጸበልተኛውን ከሐኪም ጋር የሚያጣላው የለም። ብቻውን ግን አይሁን።

ሰላምታችን ረጅም ነው፤ እንኮራበታለን። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ሰላም ነው። መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙስሊሙም አልሐምዱሊላህ ይላል። ምስጋናው መልካም ነው፣ አንነካውም። ግን «እንዴት ነህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ማን አለ? አንድ ሰው ተሳስቶ «ደህና አይደለሁም» ቢል የምንገባበት ይጠፋናል፤ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለን ወደ ታክሲያችን እንሮጣለን። ለነገሩ ቦርዴይንም ጨለማ ስሜቱን በፕሮግራሙ ላይ ሳይቀር ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አርጀንቲና ሄዶ በካሜራ ፊት ከሥነ ልቦና ሐኪም ጋር ተቀምጦ፣ አንድ ተራ ሀምበርገር እንኳ ለቀናት ትካዜ ውስጥ ሊከተው እንደሚችል አወራ። ተመልካቹ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ቀልደኛ ሰው ነበራ!

ይህን የምንጽፈው የሰውየውን ልብ አውቀን አይደለም። በዚያች ሌሊት ምን እንዳሰበ ማንም አያውቅም፣ እናውቃለን የሚሉትንም አትስሟቸው። ነገር ግን ይህን ጽሑፍ እያነበበ ያ ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ካለ፣ አለ ብለን እናምናለን፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር። ለወንድሙ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለሐኪም፣ ለጓደኛው። ያ የተነገረው ሰው ደግሞ በእግዚአብሔር ስም «ምን ጎደለህ?» አይበል። ይቀመጥ፣ ይስማ፣ ሐኪም ቤት ድረስም አብሮ ይሂድ።

ቦርዴይን በሞተ ማግስት ድሮ ይሠራበት የነበረው የኒውዮርኩ ምግብ ቤት ደጃፍ በአበባና በወረቀት ተሞላ። ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ውስጡ እሳት የለም። ሰው ግን ሌላ የሚሄድበት ለቅሶ ቤት ስላልነበረው እዚያ ሄደ። እኛም ከዚህ ሆነን፣ ይባላል አይባልም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ ለሱም ቤይሩት ለቀረችው እህታችንም ነፍስ ይማር ብለናል።